አሥራ ስምንት ንጹሕ ደብተሮች ይዤ ወደ ካዛንቺስ

ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡30፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ

የምጓዘው ለአንድ ካርቶን ስል ነው። ካርቶኑ ውስጥ አሥራ ስምንት ደብተሮች፣ ሁለት ወፋፍራም ፋይሎችና የኮሌጃችን ማኅተም ያረፈበት ሸኚ ደብዳቤ አሉ። ረዳቱ "ላይ ይጫን" ቢለኝም እሺ አላልኩም። ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ አቀፍኩት።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በአንድ አነስተኛ የጤና ኮሌጅ የፓራሜዲክ መምህር ነኝ። ፓራሜዲክ ማለት አምቡላንስ ይዞ የሚመጣው፣ በሽተኛውን ሆስፒታል እስኪያደርስ ድረስ በሕይወት የሚያቆየው ባለሙያ ነው። ይህን ትምህርት ለመስጠት ኮሌጁ የእውቅና ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። የእኛ ሊያበቃ ነው። አሥራ ስምንቱ ተማሪዎቼ ደግሞ ሊመረቁ ወራት ቀርቷቸዋል። እውቅናው ሳይታደስ ከተመረቁ ለብቃት ምዘና ፈተና አይቀመጡም፤ ያንን ፈተና ሳያልፉ ደግሞ አምቡላንስ ላይ የሚቀጥራቸው የለም። የእድሳት ማመልከቻ የሚዘጋው ነገ ዓርብ በ10 ሰዓት ነው። ዲናችን ካርቶኑን በሹፌር እንላከው ሲሉ "ኧረ እኔ ራሴ!" ብዬ ተነሣሁ።

እንዲህ ያጓጓኝ ደብተሮቹ ናቸው። ተማሪዎቻችን አምቡላንስ ላይና ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሲለማመዱ የረዱትን እያንዳንዱን በሽተኛ ይመዘግባሉ፤ አብሯቸው የሚሠራው ባለሙያ ይፈርምበታል። ለእድሳቱ ዋናው ማስረጃ ይህ መዝገብ ነው። መጀመሪያ ሰብስቤ ሳያቸው ግን አፈርኩ። ዝናብ የመታው አለ፣ ዘይት የነካው አለ፤ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ተሰርዞ የተደለዘ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ። እኔ ልጅ ሆኜ መምህራችን ደብተር ሰብስባ ለንጽሕና ነጥብ ስትሰጥ ሁልጊዜ አንደኛ የምወጣ ነበርኩ። ስለዚህ ለሁሉም አዲስ ደብተር አደልኩና መመሪያ ሰጠሁ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ገልብጡ፣ ያልተሳካውን ዝለሉት፣ አሮጌውን ጣሉት፣ ንጽሕና አሥር ነጥብ አለው። ባለሙያዎቹም አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ሁሉንም እንደገና ፈረሙልኝ። አሁን ጭኔ ላይ ያሉት እነዚያ ናቸው። ሽፋናቸው እንኳ አንድ ዓይነት ነው!

ጠዋት 1፡40፤ ሸኖ

ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ወርዶ አንዲት እናት ገቡ። እትዬ ብርቄ ይባላሉ፤ የሸኖ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ቅቤውን በትልቅ ማሰሮ መሳይ ላስቲክ ዕቃ ሞልተው፣ በፌስታል ሸፍነው፣ ግማሹን ጭናቸው ላይ ግማሹን ካርቶኔ ላይ አሳረፉት።

"ምንድን ነው እንደ ሕፃን ያቀፍከው?"

"የተማሪዎቼ ደብተር ነው እናቴ። ለእውቅና።"

"እውቅና ምንድን ነው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከሸኖ እስከ አለልቱ አስረዳኋቸው። ስንት መምህር እንደሚያስፈልግ፣ የልምምድ አሻንጉሊቱ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ገምጋሚዎች ምን ምን እንደሚያዩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እትዬ ብርቄ በመስኮት የገብሱን ማሳ እያዩ ሰሙኝ፤ ስጨርስ ዞር አሉ።

"ያስተማርካቸው አንተ አይደለህም እንዴ? ችለዋል ካልክ ሌላው ምን አገባው?"

"እኔማ የራሴ ተማሪዎች ስለሆኑ..."

"ገባኝ፣ ገባኝ። እኔም የራሴን ቅቤ መጥፎ ነው ብዬ አላውቅም።" ፊት ያለው ሰውዬ ሳቀ። "ገዢ ግን አያምነኝም። ያሸታል፣ በጣቱ ይቀምሳል፣ ሙዝ ገባበት ብሎ ስሜን ያጠፋል። የናንተን ልጆች ታዲያ ማን ቀምሶ ይገዛል? በሽተኛው ወድቋል። አፉን አይከፍት!"

ለሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ያስረዳሁትን በአንድ ቅቤ ጨረሱት። ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩ፤ ያን ጊዜ ነው ካርቶኑ በአንድ ጥግ እንደረጠበ ያየሁት። ቅቤው ሾልኮ የላይኛውን ደብተር ሽፋን ነክቶታል።

"ውይ በሞትኩት!" አሉ እትዬ ብርቄ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። በጠረጉት ቁጥር ሰፋ።

ከረፋዱ 4 ሰዓት፤ ከላምበረት ወደ ካዛንቺስ

ከደብረ ብርሃን ላምበረት ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ከፍያለሁ። ከዚያ ሁለት ታክሲ፤ አንዱ እስከ መገናኛ፣ ሌላው በሃያ ሁለት በኩል ካዛንቺስ። ከሦስት ዓመት በፊት የማውቀው ካዛንቺስ የለም። መንገዱ ተንጣሏል፣ የእግረኛው ንጣፍ ያብለጨልጫል፣ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሰምሯል፣ የተተከሉት ዘንባባዎች ገና ጥላ የላቸውም። በጣም ወደድኩት፤ ግን እውቅና የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ማግኘት አቃተኝ። ሰው አቅጣጫ የሚነግረኝ በሌሉ ቤቶች ነው።

"ሥጋ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ ታጠፍ" አለኝ አንድ ጎልማሳ።

"የቱ ሥጋ ቤት?"

"ፈርሷል። የነበረበት ጋ ማለቴ ነው።"

የሌለውን ሥጋ ቤት በግምት ታጥፌ፣ አንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ደረስኩ። ማመልከቻችንን የምትመረምረው ባለሙያ ሲስተር ጥሩወርቅ ትባላለች ተብዬ ነበር፤ ሳያቸው ግን "ትባላለች" የሚባሉ አይደሉም። ፀጉራቸው ነጭ፣ መነጽራቸው በገመድ የተንጠለጠለ፣ ለሠላሳ ዓመት ድንገተኛ ክፍል የሠሩ ነርስ ናቸው።

ደብተሮቹን በተማሪዎቹ ስም ፊደል ተራ ደረደርኩላቸው። አንዱን ከፈቱ። ሁለተኛውን ከፈቱ። አምስተኛው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጽሑፋቸው ያምራል" አሉ።

"አመሰግናለሁ!"

"አምቡላንስ ላይ ነው እንዲህ የሚጽፉት? መኪናችሁ አይናወጥም?"

ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አልሳቁም። ከዚያ ቅቤ የነካውን ደብተር አንሥተው አሸተቱት። "ከአሥራ ስምንቱ ኑሮ ያየ የሚመስለው ይሄ ብቻ ነው። ምንድን ነው?"

"የሸኖ ቅቤ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ..."

"እሱም የዛሬ ነዋ" አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዳስገለበጥኩ፣ ያልተሳካውን እንዲዘሉ እንዳዘዝኩ፣ ፊርማው በአንድ ቀን እንደተፈረመ። ስጀምር በኩራት ነበር፤ መሐል ላይ ድምፄ እየቀነሰ ሄደ።

"ስማኝ ልጄ" አሉ። "አጭበርብረሃል አላልኩም። ልታሳምር ነው የፈለግከው፤ ይታያል። ግን ይሄ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ ነገሩ በተሠራበት ሰዓት የተጻፈው ነው። ዋናዎቹ የት አሉ?"

"ጣሉ ብያቸዋለሁ።"

ሲስተር ጥሩወርቅ ደብተሮቹን ራሳቸው ወደ ካርቶኑ መለሷቸው። "ነገ እስከ 10 ሰዓት ዋናው ከመጣ ፋይሉን እመዘግባለሁ። ካልመጣ 'ያልተሟላ' ብዬ እመልሰዋለሁ፤ ያኔ የሚታየው በሚቀጥለው ዙር ነው።"

የሚቀጥለው ዙር ተማሪዎቼ ከተመረቁ በኋላ ነው።

ደረጃው ላይ ቆሜ ለክፍል ተጠሪያችን ለሐያት ደወልኩ።

"ሐያት፣ አሮጌዎቹ ደብተሮች ምን ሆኑ?"

"ቲቸር... አይቆጡኝም?"

"አልቆጣም።"

"አልጣልኩትም። ማለቴ፣ ጣሉት ብለዋል፣ ሰምቻለሁ፤ ግን መጀመሪያ ያዋለድኳት ሴትዮ እዛ ላይ ናት። በቃ፣ አልሆነልኝም።"

መጮሄን ያወቅኩት ጥበቃው ዞሮ ሲያየኝ ነው። "የሌሎቹስ? ሁሉንም ጠይቂልኝ!"

"እስከ ማታ እነግርዎታለሁ፤ ስልክዎን አያጥፉ።"

ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡30፤ ቂርቆስ

ያደርኩት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አክስቴ እታገኝ ቤት ነው። ወደ ቤቷ የሚያስገባው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ካርቶኑን በጎኔ መያዝ ስላልቻልኩ ራሴ ላይ ተሸከምኩት። አጥር ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ በሱቁ መስኮት አንዷ ዘይት በኩባያ ታስለካለች። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ዳማ ይጫወታሉ፤ ጠጠሩን ከሁለቱም ወገን የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ናቸው።

"ጋሽ ተፈራን አየሃቸው?" አለችኝ አክስቴ እራት እያቀረበች። "ባለፈው ክረምት እዛው ቦታ ላይ ወድቀው ነበር። አምቡላንስ አስፋልቱ ላይ ቆመ። ቃሬዛው በዚህ ማጠፊያ አልዞር አለ፤ እኛ በቃ አለቀላቸው ብለን እሪ እንላለን። አንዱ ልጅ፣ ካንተ የሚያንስ፣ 'እናቴ ወንበር ይስጡኝ' አለኝ። ይሄንን የተቀመጥክበትን! በነጠላዬ ደረታቸውን ከወንበሩ ጋር አሰረና፣ ሁለት ሆነው ከነወንበሩ አወጧቸው። መንገዱን ሙሉ 'ጋሼ ዳማ ማን ያሸንፋል?' እያለ ያናግራቸዋል።"

ተነሥቼ ወንበሩን አየሁት። አንድ እግሩ በሽቦ የተጠገነ ተራ የእንጨት ወንበር ነው። ይህን እኛም እናስተምራለን፤ ጠባብ ቦታ ላይ በሽተኛን በወንበር ማውጣት፣ ንቃቱን ለማወቅ ያለማቋረጥ ማናገር። ልጁ በደንብ ተምሯል!

"የት እንደተማረ ጠየቅሽው?" አልኳት።

"አንተ ሙት፣ ናቲ፣ አብደሃል? ሰው እየሞተ? ብጠይቀውስ፣ ካልጣመኝ ሌላ ላኩልኝ ልል ነው?"

መጉረሴን ተውኩ። አክስቴ ሐኪም ቤት ብትመርጥ ትችላለች፤ ልጇን ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው አዛውራለች። በዚህ መተላለፊያ ሮጦ የሚመጣውን ልጅ ግን አትመርጥም። ስለዚህ እሱ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ስለ እሷ ሆኖ መጠየቅ አለበት፤ የት ተማረ? ማን አየው? ሲያቅተው ምን አደረገ? ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ የሆነው እሱ ነው። ሲስተር ጥሩወርቅ አክስቴን ወክለው እየጠየቁ ነበር፤ እኔ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ መለስኩላቸው።

ይህን ለአክስቴ ከቅቤው ጀምሬ ማስረዳት ስጀምር "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለችኝ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሐያት መልእክት ገባ። "14 ተገኝቷል። 4ቱ ጥለዋል፣ ጌታነህም ጥሏል። ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።"

ጌታነህና ሦስቱ ጓደኞቹ ከክፍሉ ሁሉ ታዛዦች ናቸው። ያልኳቸውን ቃል በቃል ፈጽመዋል።

ዓርብ፣ ረፋድ፤ ኦሎምፒያ

ቁጭ ብዬ መጠበቅ ስላልቻልኩ ከቂርቆስ በእግሬ ወጣሁ። ኦሎምፒያ ስደርስ ታክሲዎቹ ተደርድረው "ጎተራ! ጎተራ!" ይላሉ፤ የቢሮ ሰዎች አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለው ወደ ካፌዎቹ ይገባሉ። አንዱ ካፌ ቆሜ ሻይ በሎሚ ጠጣሁ፤ ሠላሳ ብር። በየአሥር ደቂቃው ለሐያት እደውላለሁ።

"ጫጫ ነን።" "ሸኖ ነን።" በአራተኛው ጥሪ "ቲቸር፣ ሲደውሉ መኪናው አይፈጥንም እኮ" አለችኝ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ዓርብ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምሳ የሚወጣው 5፡30 ነው፤ የሚመለሰው 7፡30። ሐያት ካዛንቺስ የደረሰችው 5፡50 ነው። ከታክሲ የወረደችው ነጭ ማዳበሪያ በትከሻዋ ተሸክማ፣ ሂጃቧ በአቧራ ቡናማ ሆኖ ነው።

በሩ ላይ ጥበቃው አስቆማት። "ምንድን ነው? ድንች ነው?"

"ማስረጃ ነው።"

"ማስረጃ በማዳበሪያ ሲመጣ ገና ዛሬ አየሁ" አለና እስከ ሰባት ተኩል መለሰን።

በአቅራቢያው ምግብ ቤት አንድ በያይነቱ ለሁለት አዘዝን፤ ሁለት መቶ ብር። እኔ ግን ብዙም አልበላሁም፤ አሮጌዎቹን ደብተሮች እያነበብኩ ነበር። ሰብስቤያቸው የነበረ ጊዜ ቆሻሻውን ብቻ ነው ያየሁት፤ አንድም ገጽ በቅጡ አላነበብኩም። "ደም ሥር አልገኝ አለኝ፣ ባለሙያው ሠራው።" "ሰውየው ተቆጣኝ፣ አላስነካም አለኝ።" ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በቀይ፤ "መጀመሪያ ስምህን ንገረው።" ከሁለት ገጽ በኋላ፤ "ስሜን ነገርኩት። ተረጋጋ።"

"ሐያት፣ ይሄ ሁሉ ንጹሑ ላይ የለም።"

"ዝለሉት ብለው ነው እኮ" አለች ጎመኑን እየጠቀለለች።

ዓርብ፣ 7፡40፤ እንደገና አራተኛ ፎቅ

ሲስተር ጥሩወርቅ ማዳበሪያውን አይተው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። አሮጌውንና አዲሱን የሐያት ደብተር ጎን ለጎን ዘርግተው ጮክ ብለው አነበቡ፤ "'ግፊት። አልሰማ አለኝ። መኪናው ይዘላል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ።' ይሄ ማነው ከሥር የጻፈው? 'ጆሮሽን ተዪው፣ በጣት ዳስሺ።' ጎበዝ።" ገለጡ። "ከሦስት ቀን በኋላ፤ 'በጣት ዳስሼ ለካሁ።' አሁን ንጹሑን ልይ። 'ግፊት ተለካ።' በቃ?" ሐያትን አዩዋት። "ንጹሑ ላይ ከእናትሽ ሆድ ችለሽ የወጣሽ ትመስያለሽ። አሮጌው ላይ ግን ስትማሪ አየሁሽ።"

ከመሳቢያቸው የግፊት መለኪያ አወጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "በይ ለኪኝ። አንተ ደግሞ ና፣ ወንበሬን ያዝ።"

"ምን ላድርግ?"

"መኪናውን ሁናልኛ! ናጠው።"

የእድሳቱን ፋይል የያዙትን ሴት ወንበር መናጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ በፍርሃት ነበር። "ይሄ አስፋልት ነው፤ ወደ ገጠር ውሰደን" አሉኝ። ናጥኩ። ከጎረቤት ቢሮ ሰው ብቅ ብሎ ተመለሰ። ሐያት ተንበርክካ፣ ሁለት ጣቷን አንጓቸው ላይ አድርጋ፣ አየሩን ቀስ እያለች ለቀቀችው።

"የላይኛው መቶ ሠላሳ አካባቢ ነው።"

"የታችኛውስ?"

"በጣት የታችኛው አይገኝም ሲስተር።"

"የታችኛውን ብትነግሪኝ ኖሮ ማዳበሪያሽን አሸክሜ እመልስሽ ነበር" አሉና እጅጌያቸውን መለሱ። "መናጡ ይብቃህ፣ ደርሰናል።"

ከዚያ ቆጠሩ። "አሥራ አራት።"

ከትናንት ማታ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ ሰበብ ሳዘጋጅ ነበር። ጠፋ ልበል? ዝናብ በላው? ሐያት ጎኔ ቆማ ታየኛለች፤ እሷ ፊት አንዱም አልወጣ አለኝ። "አራቱ ተጥለዋል። ጣሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም።"

ቃሌን በጽሑፍ አስፍረው አስፈረሙኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡድናቸው ኮሌጃችን ይመጣል። አራቱ በወረቀት የሌላቸውን በእጃቸው ያሳያሉ። ካላሳዩ እድሳቱ ይቀራል፤ ለአራቱ ብቻ ሳይሆን ለአሥራ ስምንቱም። 9፡20 ላይ ፋይላችን መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ቁጥሩን ሐያት በስልኳ ፎቶ አንሥታ ወዲያው ለክፍሉ ላከችው። ሊፍቱ ውስጥ ሁለታችንም ያለ ምክንያት ሳቅን።

ቅዳሜና እሑድ፤ ደብረ ብርሃን

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ገባሁ። ስሄድ እውቅና ማለት ኮሌጃችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ይመስለኝ ነበር፤ ወረቀቱን ለማግኘትም ወረቀት አሳመርኩ። ስመለስ የገባኝ፣ እንግዳ ሰው መጥቶ "አሳየኝ" ሲል የሚታይ ነገር ይዞ መገኘት ነው። ቢሮዬ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት፣ የነጥብ አሰጣጥ ሰንጠረዡ ላይ "ንጽሕና፣ 10" የሚለውን ሰርዤ "ያልተሳካና የተማርኩበት፣ 10" ብዬ መጻፍ ነው። በመስመር ነው የሰረዝኩት፤ የድሮው ከሥሩ ይነበባል።

እሑድ ጠዋት አራቱን ጠራኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከመምህር ይቅርታ መስማት ስላልለመዱ መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ጌታነህ ቀና ብሎ፣ "ቲቸር፣ እኔ እኮ አሥር ከአሥር ነበር ያገኘሁት" አለ።

"አውቃለሁ። መልሼ ወስጄዋለሁ።"

ያኔ ሳቁ።

የኮሌጁን አሮጌ አምቡላንስ አስነሣን። ሹፌራችን ጋሽ ሰይፉ ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርሱ "ቀስ ልበል?" አሉኝ።

"አይ፣ ይዝለል ጋሼ!"

ቃሬዛው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። ጌታነህ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "አልሰማም" ብሎ ጻፈ። ፊደሎቹ ከመስመር ወጥተው እርስ በርስ ተጋጩ። እጁ ወዲያው ወደ ላጲሱ ሄደ።

"ቲቸር፣ ልደልዘው?"

"እንዳትነካው! ሰዓቱን ጻፍበትና አምጣው።"

መኪናው ሳይቆም፣ ተኝቼ እንዳለሁ ፈረምኩበት። ፊርማዬ ከገጹ ጫፍ አልፎ ጌታነህ ሱሪ ላይ ነው ያለቀው። ከሥሩ በቀይ "በጣት ዳስስ" ብዬ ጨመርኩና ክንዴን ሰጠሁት።